በመምህራን ጥያቄ የተወለደ መጽሐፍ
የሊንድሌይ መሬይ አጭር የሕይወት ታሪክ

ለማስተማር ልምምድ ወጥቶ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዓይነቶችን ያስተማረ ሠልጣኝ አንድ ነገር ሳይታዘብ አልቀረም። ተማሪው ረዘም ያለውን ሁሉ ድርብ፣ አጠር ያለውን ሁሉ ነጠላ ይለዋል። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ ሌላ መለኪያ የለውም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከእኛም መካከል በርዝመት የሚለካ አይጠፋም። ርዝመትን ትቶ ባለቤትንና ግሥን የሚቆጥረው መለኪያ በየትምህርት ቤቱ እንዲዳረስ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሊንድሌይ መሬይ ነው። የሚያስገርመው ሰውየው በሙያው አስተማሪ አልነበረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬይ በ1745 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ተወለደ። ቤተሰቡ የኩዌከር እምነት ተከታይ ሲሆን አባቱ በኋላ በኒውዮርክ የታወቀ ነጋዴ ሆነ። ዛሬም በኒውዮርክ ከተማ መሬይ ሂል የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አባትዬው ልጁን በንግድ ሊያሠለጥነው ቢፈልግም የልጁ ልብ ያለው ትምህርት ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ሳያስፈቅድ ከቤት በመውጣቱ አባቱ ቢቀጣው ተቀይሞ ጠፋ። የገባውም በኒው ጀርሲ በርሊንግተን ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። መቼም ኮብልሎ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ጥቂት ነው! ቆይቶ ከቤተሰቡ ጋር ታረቀና ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። አብሮት ሕግ ያጠናው ጆን ጄይ ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ለመሆን በቅቷል።

መሬይ በጥብቅናና በንግድ ሀብት ቢያፈራም ጤና ከዳው። ጡንቻው እየዛለ ሄደ። አየር ቢለውጥ ይሻለው እንደሆነ ብሎ ከባለቤቱ ከሐና ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረና በዮርክ ከተማ አጠገብ ሆልጌት በምትባል መንደር ተቀመጠ። ሆኖም አልዳነም። መራመድ እያቃተው ሄዶ ኑሮው ወንበር ላይ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በዮርክ አንድ የኩዌከሮች የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበር። ወጣቶቹ መምህራት እንግሊዝኛ ሰዋስው እንዲያስተምሩ ቢፈለግም ራሳቸው በደንብ አልተማሩትም። ይህን አልደበቁም። ወደ መሬይ እየሄዱ ተማሩ፤ ቀጥሎም ለክፍል የሚሆን መጽሐፍ እንዲያዘጋጅላቸው በጽሑፍ ለመኑት። እሱም እሺ አለ። መጽሐፉ በ1795 ዓ.ም. ታተመ። ለአንድ ትምህርት ቤት የታሰበው መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተሠራጭቶ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። በ1797 ዓ.ም. ሆን ተብሎ የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮችን ተማሪው እንዲያርም የሚያደርግ የመልመጃ መጽሐፍ አወጣ፤ መምህር የሌለውም ሰው ራሱን እንዲያርም መልሱን ለብቻ አሳተመ።

ወደ መለኪያው እንመለስ። በመሬይ መጽሐፍ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ማለት አንድ ባለቤትና አንድ ማሰሪያ ግሥ ያለው ነው። ድርብ የሚባለው ደግሞ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ነጠላ ዓረፍተ ነገሮች ተያይዘው ሲገኙ ነው። ስለዚህ «ረጅሙ መምህር ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍት አራት ወፍራም መጻሕፍት ተዋሰ» ቢረዝምም ነጠላ ነው። «ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎቹም ገቡ» ግን ቢያጥርም ድርብ ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያሉትን የሚያያይዙት «ኤንድ»፣ «በት»፣ «ኦር» የመሳሰሉት መስተጻምሮች ናቸው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መሬይ የተያያዘውን ሁሉ ድርብ ብሎ ባንድ ከረጢት ከቶታል። «ደወል ስለ ተደወለ ተማሪዎቹ ገቡ» የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ «ቢኮዝ» የሚገባበትን ማለት ነው፣ ከሌላው አልለየውም። አንዱ ሐረግ የሌላው ጥገኛ ሲሆን ውስብስብ ተብሎ ራሱን የቻለ ስም የተሰጠው ኋላ በመጡ ሰዋስው ጸሐፊዎች ነው። አሮጌ መጽሐፍና አዲስ መጽሐፍ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ የሚያዘጋጅ ሠልጣኝ ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ነቀፌታ አለበት። ብዙውን ሕግ የወሰደው ከሱ በፊት ከጻፉት፣ በተለይም በ1762 ዓ.ም. ሰዋስው ካሳተመው ከሮበርት ላውዝ ነው። እሱ ራሱ ሥራውን ማጠናቀር እንጂ ፈጠራ ነው አላለም። በየክፍሉም ሕጉን በቃል አስወርዶ ትርጉሙን የረሳ መምህር በዝቶ ብዙ ሕፃን በሰዋስው ተሰላችቷል።

መሬይ ከመጻሕፍቱ ያገኘውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት እያዋለ ኖሮ በ1826 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ ሆልጌት ውስጥ ዐረፈ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከቤት ሳይወጣ ነበር ያሳለፈው።

ውድ ሠልጣኞች፣ ያ ሁሉ የተጀመረው ጥቂት መምህራት አናውቅም ለማለት ስላላፈሩ ነው። ነገ ክፍል ውስጥ ተማሪ ስለ ዓረፍተ ነገር ጠይቆ መልሱ ቢጠፋን ርዝመቱን ዓይተን አንገምት። ባለቤቱንና ግሡን እንቁጠር፤ ካልሆነልንም ቀርበን እንጠይቅ።