እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

እንዶድ በሰሜን ወሎ ለማንም እንግዳ አይደለም። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ አረፋ እያወጣ ጋቢና ነጠላ ሲያነጻ ኖሯል። ሳሙና በየሱቁ ከመደርደሩ በፊት የእናቶች ሳሙና እርሱ ነበር። ይህ ከአጥር ጥግ የማይጠፋ ተክል የዓለምን ሊቃውንት ለዓመታት ያከራከረው በአንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር አስተውሎት ምክንያት ነው።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅግጅጋ ተወለዱ። በአሜሪካ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ሙያቸው የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት ነበርና በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ወደ አድዋ አቀኑ።

ቢልሃርዚያ ከውሃ የማይርቅ ሰው በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከታማሚው ሰገራ፣ በሌላው ዓይነትም ከሽንት ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ ወደ ቀንድ አውጣ ገብቶ በሆዱ ይባዛል። ሲወጣ ደግሞ ውሃ የነካውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በመርሳ ወንዝ ዳር መስኖ የሚያጠጣ ገበሬም ሆነ በሀብሩ ቆላ በባዶ እግሩ ቦይ የሚጠርግ ወጣት፣ ውሃው ተሕዋሱን የተሸከመ ቀንድ አውጣ ካለበት፣ ከአደጋው ነፃ አይደለም። ቀንድ አውጣው ሲጠፋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

በአድዋ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ወጣቱ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው ይታያሉ፤ ከበላዩ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ሌላው ሰው አይቶ ሊያልፈው ይችል ነበር። እርሳቸው በሕይወት ያሉትን አስለቅመው በዕቃ ውሃ ውስጥ አኖሩና የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርበት አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ሙከራው ይኸው ነው። ሥር ግን አለው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንቷን ላቮዚየ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግድም አየር ከምን እንደተሠራ የመረመሩት በብልቃጥ፣ በእሳትና በሚዛን ነበር። ሜርኩሪን በተዘጋ ዕቃ ለ12 ቀናት አሙቀው አየሩ ምን ያህል እንደቀነሰ ለኩ፤ የጎደለውም ኦክስጅን መሆኑን አሳዩ። የቀደሙት ኬሚስቶች አንዱን ነገር ከሌላው የለዩት እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ለውጦ፣ ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ። የአድዋው ዕቃም የዚያው ዘዴ ልጅ ነበር።

አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ምርመራውን ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1966ም የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ኃይሉ ያለው አረፋ በሚያወጣው ሳፖኒን በተባለው ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከፍሬው ነጥለው ያወጡትን ውህድ በስማቸው ለማቶክሲን አሉት።

ከዚያ በአድዋ ከተማ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል በዘፈቀደ የሚረጭ ነገር አይደለም። ሙከራው ሲጠናቀቅ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት 50 ከመቶ የነበረው የበሽታው ስርጭት ወደ 7 ከመቶ ወርዶ ተገኘ። ውጭ ሀገር የሚሠራው የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ለደሃ ሀገር ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን ከገበሬው ማሳ ሊገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ረጅሙ ፈተና የጀመረው። ዓለም አቀፉ የጤና ማኅበረሰብ ግኝቱን በጥርጣሬ ተመለከተው፤ የመርዛማነቱ ምርመራም በበለጸጉት ሀገራት መስፈርት እንዲሠራ ተፈለገ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብና ላብራቶሪ ደግሞ በአፍሪካ አልነበረም። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ መዘግየቱ ግን አልነበረም። በካናዳ ድጋፍ የተደረገው ምርመራ ተጠናቅቆ በሚገባ መጠን ሲጠቀሙበት ለሰውና ለእንስሳት እንደማያሰጋ ሲታወቅ ዘመኑ 1990 ገደማ ነበር። ከአድዋው ወንዝ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ መሆኑ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሠሩ፤ በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ማዕከልም አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ለገሠ ከተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ብርቱውን መርጠው ያወጡ ሰው ነበሩ፤ ዓይነት 44 ይባላል።

ኋላም በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቱቦ እየደፈነ ያስቸገረውን ባለ ዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ታወቀ። የፈጠራ መብቱ ግን የተመዘገበው በአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ነበር። የልብስ አጣቢዎቹ እናቶች እውቀት ድርሻው ምን ያህል ነው የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሀገር በቀል ተክሎችም ላይ ሲነሳ ቆይቷል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።