እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጣል
የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ

ሰው ሁሉ እንጀራውንና ልብሱን፣ ማደሪያውንና ጤናውን ከእግዚአብሔር ይለምናል። የለመነው ነገር ፈጥኖ ሲሰጠው ደስ ይለዋል፤ ሲዘገይበት ግን ልቡ ይዝላል፤ እግዚአብሔርም የረሳው ይመስለዋል። ነገር ግን በአንድ በኩል በሩ ሲዘጋ፣ እግዚአብሔር በሌላ በኩል የሚያስፈልገውን ሲያዘጋጅ ይገኛል። ይህንም የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ይገልጠዋል። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ዓመት ገደማ በኢሉባቦር አገር፣ በሁሩሙ አጠገብ፣ ከኦሮሞ ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት። ሂካ ማለት በኦሮሞ ቋንቋ የሚፈታ፣ የሚተረጕም ማለት ነው። ስሙን ባወጡለት ቀን ይህ ሕፃን ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። አባት የሌለው ልጅ ጠባቂው ጥቂት ነው፤ ሂካም ገና ልጅ ሳለ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወደቀ።

በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ በብዙ አገር ነበረ። ነጋዴዎቹ ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥቀው፣ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው እያሻገሩ፣ እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ ይነዷቸው ነበር። ከዚያም በመርከብ ጭነው ወደ ዓረብ አገር ይወስዷቸው ነበር። ሂካም እንደ ከብት ተሸጠ፤ ደግሞም ተሸጠ፤ እንዲህም እየሆነ ከስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። በየጊዜው አገሩ እየራቀ፣ የእናቱም ቋንቋ ከጆሮው እየጠፋ ሄደ። በመጨረሻም በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ነው፤ ባሕሩን የተሻገረ ልጅ ወደ አገሩ የመመለስ ተስፋ አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ወርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው የፈረንሳይ መንግሥት ወኪል ሆኖ በምጽዋ ተቀምጦ ነበር። እርሱም በ1870 ዓመት ልጁን ከባርነት ነጻ አወጣው። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ፣ በእምኩሉ ለሚኖሩ የስዊድን ሚስዮናውያን ሰጠው። እነርሱም ምግብና ልብስ ሰጡት፤ ፊደልም አስቆጠሩት።

በዚያው መንገድ የተነዱ ሌሎች ብዙ ልጆች ነበሩ፤ እነርሱ ግን ነጻ አልወጡም። ነጻ የወጣው ልጅ ከእነርሱ የተሻለ ስለ ሆነ አይደለም። እግዚአብሔር ለአንድ ሰው በረከት ሲሰጥ አደራ ይሰጠዋል፤ ይኸውም የተቀበለውን ላልተቀበሉት እንዲያደርስ ነው።

ልጁ በትምህርቱ ትጉህ ሆነ። በ1872 ዓመት በትንሣኤ በዓል ቀን ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስም ተባለ። ይህ ስም በመጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የተጻፈው ስም ነው። አናሲሞስም ባሪያ ነበረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እርሱ ወደ ፊልሞና መልእክት ጻፈ። የስሙም ትርጓሜ የሚጠቅም ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚስዮናውያኑ ወደ ስዊድን አገር ላኩት። በዚያም ዮሐነሉንድ በሚባለው ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያህል ተማረ። ብርድ በበዛበት፣ ሰዉም ቋንቋውም እንግዳ በሆነበት አገር፣ እግዚአብሔር የሚያስተምሩትንና የሚያኖሩትን ሰዎች አዘጋጀለት።

ኦኔሲሞስ በ1881 ዓመት መምህር ሆነው ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴትም አገቡ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ እርሱም ወደ ተወለዱበት ወገን ሄደው ወንጌልን በወገናቸው ቋንቋ ማስተማር ነበር። ይህ ምኞት መልካም ነበር፤ ለራሳቸው ገንዘብን ወይም ሹመትን አልፈለጉበትም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ልመና ፈጥኖ የሚፈጸም ይመስል ነበር። ነገር ግን አልተፈጸመም።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ከልክለው ነበር። ስለዚህ ኦኔሲሞስና ጓደኞቻቸው በዚያው በ1881 ዓመት በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። በበረሃው ሲጓዙ ንዳድ ያዛቸው፤ መንገዱም ተዘጋባቸው። ታመውና ደክመው ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ በ1882 ዓመትም ወደ ተነሡበት ወደ እምኩሉ ደረሱ። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ የቀረ ይመስል ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ሞከሩ። በዚህ ጊዜ በታጁራ ወደብ በኩል አድርገው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በ1886 ዓመት የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ከተማ ወደ ነበረችው ወደ እንጦጦ ደረሱ። ዛሬ በልደታ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ልጅ ያንን የእንጦጦን ተራራ ያያል። በዚያ ዘመን ግን ከተራራው በታች ያለው ሜዳ ገና ከተማ አልሆነም ነበር። ከእንጦጦ ወደ ወለጋ ያለው መንገድ ካለፉት ሁሉ የቀረበ ነበር። ነገር ግን ንጉሥ ምኒልክ በዐፄ ዮሐንስ ሥር ስለ ነበሩ ሚስዮናውያኑን ሊያሳልፏቸው አልቻሉም። ስለዚህ ኦኔሲሞስ ያንን በረሃ ሁሉ እንደ ገና ተጕዘው ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

በሩ ሁለት ጊዜ የተዘጋበት ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ማጕረምረምና እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው በተሰጠው ስፍራ የተገኘውን ሥራ መሥራት ነው። ኦኔሲሞስ ሁለተኛውን መረጡ። እርሳቸው ወደ አገራቸው መግባት ባይችሉም መጽሐፍ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ የመተርጐም ሥራ ያዙ።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ኦኔሲሞስ ከወገናቸው የተለዩት በልጅነታቸው ስለ ሆነ የቋንቋቸው ቃል አነሣቸው። ልጅ የሚያውቀው የቤቱንና የመስኩን ነገር ነው፤ የሽማግሌዎችን ንግግር፣ ተረቱንና ምሳሌውን፣ የፍርዱንና የጸሎቱን ቃል ገና አልተማረም። እምኩሉ ደግሞ ከኦሮሞ አገር እጅግ የራቀች ናት። ይህን የጐደለውን ቃል ከወዴት ያገኙታል?

እግዚአብሔር ግን ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰው አዘጋጅቶ ነበር። ኦኔሲሞስ ከእንጦጦ በተመለሱበት በዚያው በ1886 ዓመት፣ የኢጣልያ መርከቦች በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫነች አንዲት ጀልባ ያዙ። በጀልባዋም ውስጥ ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት የሚወስዷት አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ነበረች። እርስዋም ነጻ ወጥታ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። ይህች ልጅ የቋንቋዋን ቃል፣ የወገኗን ተረትና ዘፈን በልቧ ይዛ ነበር። ነጋዴዎቹ ሁሉን ሲወስዱባት ይህን መውሰድ አልቻሉም። ማንበብና መጻፍ ከተማረች በኋላ የኦሮሞን ቃላት መሰብሰብ ጀመረች፤ የሰበሰበቻቸውም ወደ 15,000 ደረሱ። ደግሞም 500 ያህል ዘፈንና ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ ጻፈች። ኦኔሲሞስ ያጡት ቃል ሁሉ በዚህች በተሸጠች ልጅ አፍ ተገኘ።

እንግዲህ የነገሩን ሥርዐት ማስተዋል ይገባል። ኦኔሲሞስ በመጀመሪያው ጉዞ ወደ ወለጋ ገብተው ቢሆን ኖሮ አስቴርን በእምኩሉ ባላገኟት ነበር፤ የሚያነቡትም መጽሐፍ በእጃቸው አልነበረም። ለሁለቱም የደረሰባቸው ክፋት ክፋት ነው፤ ሰውን መሸጥ ኃጢአት ነው፤ እግዚአብሔርም አይወደውም። ነገር ግን ክፉ ሰዎች የበተኑትን እርሱ ሰብስቦ ለበጎ ያደርገዋል። ዮሴፍንም ወንድሞቹ ወደ ግብፅ በሸጡት ጊዜ እንዲሁ ሆነ፤ በራብ ዘመንም የሸጡትን ወንድሞቹን መገበ።

ሁለቱም ብዙ ዓመት በትጋት ሠሩ። በ1893 ዓመት አዲስ ኪዳን በኦሮሞ ቋንቋ ታተመ። በ1894 ዓመት ልጆች ፊደል የሚማሩበትና የሚያነቡበት መጽሐፍ ወጣ፤ አስቴር የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖችም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በ1899 ዓመት ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር፣ ቅድስት ክሪስኮና በሚባል ስፍራ ታተመ። የተጻፈውም በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። ስለዚህ ወላጆቹ የሚተረጕም ብለው የሰየሙት ልጅ ስሙን ፈጸመ።

ከዚህ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1904 ዓመት ኦኔሲሞስ ከቤተ ሰባቸውና ከአስቴር ጋኖ ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። የመጀመሪያውን ጉዞ ካደረጉ 23 ዓመት ሆኖ ነበር። የወለጋ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በመልካም ተቀበሏቸው። ኦኔሲሞስም በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተምሩ ጀመር፤ ያሳተሟቸውንም መጻሕፍት ለሕዝቡ አደሉ። ባዶ እጃቸውን ከአገራቸው የወጡ ሁለት የተሸጡ ልጆች፣ መጽሐፍ ተሸክመው ተመለሱ።

መከራ ግን ጨርሶ አልራቀም። የኦኔሲሞስን ትምህርት ያልወደዱ ሰዎች ከሰሷቸው፤ ነገሩም በ1906 ዓመት ወደ አቡነ ማቴዎስ ደረሰ። ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። አሥር ዓመት ያህልም እንዲሁ ኖሩ። መስበክ በተከለከሉበት ጊዜ ልጆችን ማንበብ ያስተምሩ ነበር፤ ማንበብ የቻለ ልጅም መጽሐፉን በቤቱ ያነብባል። በ1916 ዓመት ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ያ ፈቃድ አልተሻረም።

ሕዝቡ ኦኔሲሞስን አባ ገመችስ ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው። እስከ እርጅናቸውም ድረስ ማስተማርን አልተዉም። በ1931 ዓመት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት፣ በነቀምቴ ዐረፉ። ትምህርታቸው ግን አልሞተም። የተረጐሙትን መጽሐፍ ብዙ ሰዎች አነበቡት፤ ከዚያም ዘር በ1959 ዓመት በአዲስ አበባ የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ብዙ ፍሬ አገኘች።

እግዚአብሔር ለኦኔሲሞስ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጠ፤ የሰጠው ግን በሰዎች እጅ ነበር። ነጻነትን በአንድ እንግዳ ሰው እጅ፣ ፊደልን በመምህራን እጅ፣ ቃልን በአንዲት ታናሽ ልጅ አፍ ሰጠ። ጊዜውንም የመረጠው እርሱ ራሱ ነው። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ያለ ሥራ መቀመጥ አይደለም። ገበሬ ዝናሙን ከሰማይ ይጠብቃል፤ እርሻውን ግን ቀድሞ ያርሳል።

ስለዚህ የለመነው ነገር የዘገየበት ልጅ ተስፋ አይቍረጥ። ዛሬ በእጁ ያለውን ሥራ በትጋት ይሥራ፤ ትምህርቱንም ይማር። እንጀራ ያለው ልጅ ለሌለው ያካፍል፤ ማንበብ የሚያውቅም ለማያውቀው ያስተምር። ምናልባት ጓደኛው ሲለምነው የኖረውን በረከት እግዚአብሔር በእርሱ እጅ ሊሰጥ አስቦ ይሆናል።