መጻሕፍትን በሥርዓት ያኖረ ሰው

ሜልቪል ዲዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። ጊዜ በከንቱ ሲያልፍ ማየት የማይወድ ትጉህ ሰው ነበር። በአምኸርስት ኮሌጅ ሲማርም በዚያው ቤተ መጻሕፍት ሥራ ገባ።

በዚያ ዘመን በብዙ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ቍጥር የሚያመለክተው የተቀመጠበትን መደርደሪያ ነበር። መደርደሪያው በሞላ ጊዜ አዲሱ መጽሐፍ ወይ ከመሰሎቹ ተለይቶ በሌላ ስፍራ ይቀመጣል፥ ወይም የቀድሞዎቹ ሁሉ ተነሥተው ቍጥራቸው እንደ ገና ይጻፋል። አንባቢውም የሚሻውን እስኪያገኝ ይደክማል።

ዲዊ ይህን አይቶ ቍጥሩ መደርደሪያውን ትቶ መጽሐፉ የሚናገርበትን ነገር እንዲያመለክት አደረገ። በ1876 ዓ.ም. ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ዕውቀትን ሁሉ በዐሥር ክፍል ከፈለ፤ እያንዳንዱንም ክፍል ደግሞ በዐሥር በዐሥር ከፋፈለ። ለምሳሌ 600 ለኑሮ የሚጠቅም የሥራ ጥበብ ነው፤ በእርሱ ውስጥ 630 እርሻ ነው፤ ከእርሻም 638.1 ንብ ማነብ ነው። ስለዚህ ስለ ንብ የተጻፉት ሁሉ ባንድነት ይገኛሉ፤ ስለ ሐር ትል የተጻፉትም ቀጥለው ይቆማሉ። አንዱን ሊፈልግ የመጣ ሰው ያላሰበውን ሌላ መጽሐፍ አግኝቶ ይሄዳል። አዲስ መጽሐፍ ቢመጣም በመካከል ይገባል እንጂ የሌሎቹን ቍጥር አያስለውጥም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በ1887 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጻሕፍት ጠባቂዎች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የኮሌጁ ሹማምንት ሴቶች እንዲገቡ ባይወዱም ከመጀመሪያዎቹ 20 ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ። ከዚያም የኒው ዮርክ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነ።

ነገር ግን ይህ ሰው ለመጻሕፍት የሰጠውን ስፍራ ለሰው ነሣ። በ1895 ዓ.ም. ከሚስቱ ጋር ሌክ ፕላሲድ በተባለ ስፍራ የዕረፍት ክበብ አቋቋመ፤ አይሁድና ጥቍሮች ግን በአባልነት እንዳይገቡ ከለከለ። አይሁድ ስለዚህ ነገር አቤቱታ አቀረቡ፤ እርሱም በ1905 ዓ.ም. ተገሠጸ፥ በማግሥቱም ዓመት ሹመቱን ተወ። ሴቶችም ስለ ነውረኛ ድፍረቱ ከሰሱት። በመጻሕፍት አከፋፈሉም ቢሆን ከሃይማኖት ክፍል ከ220 እስከ 280 ያሉትን ሰባቱን ለክርስትና ሰጥቶ የሌሎቹን ሃይማኖቶች ሁሉ በ290 ብቻ አጨናነቃቸው።

ዲዊ በ1931 ዓ.ም. ሞተ። ሥርዓቱ ከ130 በሚበልጡ አገሮች ይሠራበታል፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንትም ጐደሎውን እየሞሉ ጠማማውን እያቀኑ አሻሽለውታል። እርሱ ራሱ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ማኅበር ግን በ2019 ዓ.ም. ስሙን ከሚሰጠው ሽልማት ላይ አነሣ።

እንግዲህ ሥራው ይመስገን፥ ጥፋቱም አይሸሸግ። መጻሕፍት በሥርዓት የሚደረደሩት የሚፈልጋቸው ሁሉ እንዲያገኛቸው ነው፤ መደርደሪያውን አሳምሮ በሩን በሰው ላይ የሚዘጋ ግን የገዛ እጁን ሥራ ያፈርሳል።