ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውና ያልተጻፈው የእንደራሴነት ሥልጣን

ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ የባሮን ቆላ ወደ ኋላ እየተወ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ከጎሬ ደጋ ያደርሳል። ጎሬ የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት የተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ተሰማን ይበልጥ የሚያስታውሷቸው በጎሬ ዘመናቸው ሳይሆን፣ በሕይወታቸው መጨረሻ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በያዙት የልጅ ኢያሱ ሞግዚትነትና የመንግሥት እንደራሴነት ነው። በዚያ ሹመት ላይ የሚሰጠው ፍርድም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ራስ ተሰማ ቁርጥ ውሳኔ የሚከብዳቸውና አመንቺ ሰው እንደ ነበሩ ይነገራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ማመንታታቸውን አይክድም። ጥያቄው ማመንታቱ ከሰውዬው ጠባይ ነው ወይስ ከተሰጣቸው ሥልጣን ቅርጽ የመጣ የሚለው ነው።

ተሰማ በምዕራቡ ጠረፍ ሲሠሩ የሚያመነቱ ሰው አልነበሩም። በ1890 ዓ.ም. ገና ደጃዝማች ሳሉ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ከጎሬ ጦር ይዘው የባሮንና የሶባትን ሸለቆ ተከትለው ወደ ነጭ ዓባይ ዘመቱ። ፌቭርና ፖተር የተባሉ ፈረንሳውያን እንዲሁም የሩሲያው መኮንን አርታሞኖቭ አብረዋቸው ነበሩ። ለደጋ ሰው የማይስማማው ቆላ፣ ወባውና የስንቅ እጥረቱ ሠራዊቱን ክፉኛ ጎዳው። ያም ሆኖ ከጦሩ ተመርጦ የተላከ ክፍል በሰኔ ወር ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ስፍራ ደረሰ። ከምዕራብ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው የፈረንሳዩ የማርሻን ጓድ በቦታው ስላልነበረ ዘማቾቹ ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። በዚህ ዘመቻ የሥልጣን ጥያቄ አልተነሣም፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዘዙ፣ ገዥው ፈጸሙ።

ነገሩ የተወሳሰበው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን በተፈራረሙት የወሰን ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ዳርቻ ያለው መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጠ። መሬቱ ለንግድ ጣቢያ ብቻ እንዲውል፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይሆን ተወሰነ። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ሆነ። ጣቢያው በኋላ በጋምቤላ ተተከለ። ክረምት በገባና ባሮ በሞላ ቁጥር የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ከጎሬና ከሳዮ የወረደውን ቡና ይጭኑ ጀመር።

ውሉ የሁለት መንግሥታት ውል በመሆኑ የግዛቱ ገዥ ፈራሚ አልነበሩም። መሬቱ ለምን እንደሚውልና ለምን እንደማይውል በግልጽ ሲናገር፣ የጣቢያው ሹምና የጎሬው ገዥ ቢጋጩ ዳኝነቱ የማን እንደሆነ ግን በዝርዝር አልወሰነም። ክፍተቱ የሚሞላው ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወትና በጤና እስካሉ ድረስ በእሳቸው ቃል ነበር።

ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ይህንኑ በአንድ ሰው ቃል ላይ የቆመ አሠራር ለማደላደል ፈልገው እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ነገር ግን ሚኒስትሮቹ ሥልጣናቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተቀዳ ስለ ነበር፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ሲታመም ሥልጣኑም አብሮ ታመመ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ፣ ተሰማ ደግሞ ራስ ቢትወደድ ተብለው እንደራሴ መሆናቸው በአዋጅ ተነገረ። አዋጁ የጸናው በመሐላና በእርግማን ነው። እንደራሴው ሚኒስትር ይሽር እንደሆነ፣ ግዛት ይሰጥና ይነሣ እንደሆነ፣ ቢሞትም ማን እንደሚተካው የሚደነግግ ሕግ ግን አልነበረም።

ክፍተቱን ቀድመው ያዩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የታመሙት ባላቸው በሕይወት አሉ፤ ማኅተማቸውም በቤተ መንግሥቱ ነው። እቴጌይቱ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሹም ሽር ሲያካሂዱና ዘመዶቻቸውን በቁልፍ ቦታ ሲያስቀምጡ፣ እንደራሴው የሚከለክሉበት በእጃቸው ያለ የሕግ አንቀጽ አልነበረም። ጦር ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ጦራቸውን በቤተ መንግሥቱ ላይ ቢያነሡ፣ ሹመታቸው የተመሠረተበትን የንጉሠ ነገሥቱን ክብር በራሳቸው እጅ ማፍረስ ነበር። እኔ እንደማየው የተሰማ ማመንታት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ ርቀው ባላቸውን በማስታመም እንዲወሰኑ የተደረገው በእንደራሴው ፍርድ አልነበረም፤ የሸዋ መኳንንት አድመው ያመጡት ውሳኔ ነው። ከእነዚህም መካከል የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዋነኛው ነበሩ። ውጤቱ ለተሰማ ጠቀመ፤ ይሁንና የመጨረሻው ቃል ከእንደራሴነቱ ውጭ እንዳለ ለሁሉም አሳየ።

እዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ እንደራሴ የሆኑት ራስ ተፈሪም የተሻለ የተጻፈ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ሥልጣናቸውን ቀስ በቀስ አሰፉት። ስለዚህ የሰው ችሎታ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ልዩነቱ ተፈሪ እንደራሴ ብቻ ሳይሆኑ አልጋ ወራሽም በመሆናቸው ነው። ተሰማ ግን የሌላ ልጅ ጠባቂ ነበሩ፤ ልጁ ሲያድግ የሚያከትም ሹመት የያዙ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚያስከፍለውን ጠብ አይደፍሩም።

ራስ ቢትወደድ ተሰማ ሚያዝያ 2 ቀን 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ምትክ እንደራሴ አልተሾመም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት ኢያሱ ሌላ ሞግዚት ሳይቀበሉ፣ ከሚኒስትሮቹ ጋር እየተጓተቱ ዘውድ ሳይጭኑ መግዛት ቀጠሉ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉም፣ በ1909 ዓ.ም. መስከረም ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱም ጥያቄው ያው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ሕፃን ቢሆን፣ ቢታመም ወይም ከአገር ቢርቅ ሥልጣኑን የሚይዘው የእንደራሴነት ምክር ቤት በዝርዝር የተጻፈው በተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሱዳን ነጻ ወጣች። ስለዚህም ጋምቤላን ለኪራይ ያበቃው የ1894ቱ ውል የቆመበት ሁኔታ ቀረ።