የሰሜንን ተራራ የተሻገሩት የየመን ቃዲ

በጾም ወር ስለ ሰሓቦችና ስለ ቀደምት ዓሊሞች ሕይወት መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ የምናወሳቸው ሰው ከሰሓቦች ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ዘግይተው የኖሩ ናቸው። ሆኖም እንደ መጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ንጉሥ መጥተዋል። ስማቸው ቃዲ ሐሰን ቢን አሕመድ አል-ሐይሚ ይባላል። በየመን የታሪክ መጻሕፍት ስማቸው ጎልቶ ይጠራል፤ የጎንደርን ዘመን የሚያጠኑ ሊቃውንትም ሳያነሧቸው አያልፉም።

እኚህን ሰው የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እኛ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የምንኖር ሰዎች በየቀኑ የምናያቸው ተራሮች በመንገዳቸው ላይ ስለነበሩ ነው። ሁለተኛው፣ የመጡበት ጉዳይ ዛሬም ስለሚመለከተን ነው። ሁለት መሪዎች በደብዳቤ ተነጋገሩ። ቃላቱ ግልጽ ነበሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ደብዳቤውን በየአገራቸው ልማድና ስለ መሪ ባላቸው አመለካከት አነበቡት።

ቃዲ ሐሰን የአል-ሐይሚ ስማቸው ከሰንዓ በስተ ምዕራብ ካለው ሐይማ ከሚባለው ደጋማ አገር የመጣ ነው። የዘይዲያ መዝሀብ ዓሊም፣ ፈራጅና ጸሐፊ ነበሩ። ያደጉበት ዘመን ለየመን የትግል ዘመን ነበር። ኢማም አል-መንሱር አል-ቃሲም እ.ኤ.አ. በ1597 በኦቶማን ቱርኮች ላይ ተነሡ፤ ልጃቸው ኢማም አል-ሙአይየድ በ1630ዎቹ አጋማሽ ቱርኮችን ጨርሰው ከየመን አስወጡ። በ1644 ሲሞቱ ወንድማቸው ኢማም አል-ሙተወክኪል ኢስማዒል ተተኩ። ቃዲ ሐሰን ያገለገሉት እንዲህ ባሉ፣ በሰይፍም በኪታብም በታወቁ መሪዎች ሥር ነው።

ነገሩን ለመረዳት የየመን ሰዎች መሪን እንዴት ያዩ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በዘይዲያ ሥርዓት ኢማም ለመሆን ከሐሰን ወይም ከሑሰይን ዘር መወለድ ብቻ አይበቃም። ኢማሙ በሸሪዓ ዕውቀት ራሱ ፍርድ ለማውጣት የሚችል፣ ፍትሐዊና ለጦርነትም የማይፈራ መሆን አለበት። ሚንበር ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ በራሱ አንደበት ይናገራል፣ ሰላት ያሰግዳል፣ ፈትዋ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን መሪ የለመደ ሰው፣ መሪ ሲናገር ከልቡ እምነት ይናገራል ብሎ ያስባል። መሪው ሐቅ ከተገለጠለት ሕዝቡም ይከተለዋል ብሎ ይጠብቃል።

በዚያው ጊዜ በእኛ አገር ዙፋን ላይ የነበሩት አፄ ፋሲለደስ ናቸው። ንግሥናቸው ከሰሎሞን ዘር በመወለድና በቤተ ክርስቲያን ቅባት የጸና ነበር። በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ንጉሥ ብዙውን ጊዜ ቃሉን የሚያሰማው በሌላ ሰው አንደበት ነው፤ አፈ ንጉሥ የሚለው ማዕረግ ራሱ ይህን ይነግረናል። በሐበሻ ልማድ ትልቅ ሰው ሁሉን ነገር አይዘረግፍም። ዋናውን ጉዳይ በልቡ ይዞ፣ የሚታመን መልእክተኛ ሲገኝ ብቻ በጆሮ ይናገራል። ሰምና ወርቅን የወደደ ሕዝብ ይህን እንደ ብልሃት እንጂ እንደ ማታለል አይቆጥረውም።

ከዚህም ሌላ አፄ ፋሲል ስለ ንጉሥና ስለ ሃይማኖት በደም የተማሩት ትምህርት ነበራቸው። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በኋላም ሕዝቡ እንዲከተላቸው አዘዙ። አገሩ ተነሣ፣ ብዙ ሰው አለቀ። በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ስለዚህ ፋሲል ንጉሥ ሃይማኖቱን ቢለውጥ ሕዝቡ እንደማይከተለው በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፣ በ1636 ጎንደርን መሠረቱ፣ ፊታቸውንም ወደ ቀይ ባሕር ጎረቤቶቻቸው አዞሩ።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። አፄ ፋሲል በ1642 ለኢማም አል-ሙአይየድ በዐረብኛ የተጻፈ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ። ያደረሰውም ሙስሊም መልእክተኛ ነበር፤ በዚያ ዘመን የጀበርቲ ነጋዴዎች የነገሥታቱ እግርና አንደበት ነበሩ። በ1647 ደግሞ ለአዲሱ ኢማም ለአል-ሙተወክኪል ሌላ ደብዳቤ ደረሰ። ንጉሡ በልባቸው ያለ፣ በወረቀት የማይሰፍር ጉዳይ እንዳለ ጠቆሙ፤ በቃል የሚነግሩት አስተዋይና ታማኝ ሰው እንዲላክላቸውም ጠየቁ።

የየመን ዓሊሞች ይህን ሲሰሙ ምን አሰቡ? የሐበሻ ንጉሥ ሲባል በማንኛውም ሙስሊም አእምሮ አስቀድሞ የሚመጣው ነጃሺ ነው። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ስደተኞቹን ያስጠለለ፣ የጃዕፈርን ቃል ሰምቶ ልቡ የተነካ፣ ሲሞትም ነቢዩ በሩቅ ሆነው የሰገዱለት ንጉሥ ነው። ታዲያ የነጃሺ አገር ንጉሥ በልቤ የያዝኩት፣ በደብዳቤ የማልገልጸው ነገር አለ ሲል፣ ያ ምስጢር እስልምና ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ኢማሙ በዚህ ተስፋ ዓሊም መረጡ። የተመረጡትም ቃዲ ሐሰን ነበሩ።

እውነተኛው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በቱርኮች እጅ ነበረች። የኢትዮጵያ ነጋዴ በዚያ በር ሲወጣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ንጉሡም ከውጭ የሚፈልጉት ዕቃ የሚደርሳቸው በፓሻው መልካም ፈቃድ ነው። አፄ ፋሲል በደቡብ በኩል ባለው በበይሉል ወደብ ሌላ መንገድ ለመክፈት አሰቡ። ከበይሉል ትይዩ ማዶ ሞካ አለች፤ ሞካ ደግሞ በኢማሙ እጅ ናት። ቱርክን ያባረረ ጎረቤት ጥሩ አጋር ይሆናል ብለው ገመቱ። ይህ በወረቀት ላይ ተጽፎ በቱርኮች እጅ ቢወድቅ የሚያመጣውን መዘዝ ማንም ይገምታል። ምስጢሩ የመንገድና የወደብ ምስጢር ነበር።

ቃዲ ሐሰን በ1647፣ ማለትም በ1057 ዓመተ ሂጅራ፣ ከየመን ተነሥተው ባሕሩን ወደ በይሉል ተሻገሩ። ከዚያ የአፋር በረሃ ይጠብቃቸው ነበር። ውኃ የሚጠፋበት፣ ሽፍታ የሚያደባበት፣ ግመል የሚያልቅበት መንገድ ነው። ከበረሃው ወጥተው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ የሰሜንን ተራሮች አልፈው ወደ ጎንደር አቀኑ። ዛሬ ጨነቅ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው የሚመለከት ሰው ያ መንገድ ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸገርም። ከታች የቆላው ሙቀት አለ፤ ከላይ ገደል፣ ጉም፣ ሌሊት ውኃ የሚያረጋ ብርድ አለ። ለነጋዴ ልማዱ ነው፤ ለአንድ የኪታብ ሰው ግን በእምነት ካልሆነ በቀር የሚወጣ አይደለም።

በ1648 ጎንደር ደረሱ። ንጉሡ በክብር ተቀበሏቸው። ቃዲ ሐሰን በድንጋይና በኖራ የተሠራውን የፋሲልን ግንብ አይተው ተደነቁ፤ ኋላ በመጽሐፋቸው ስለ እሱ የጻፉት ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ከተጻፉት የመጀመሪያ የዓይን ምስክርነቶች አንዱ ነው። ንግግሩ የሚካሄደው በአስተርጓሚ ነበር። ጊዜው ሲደርስ የተጠበቀው ምስጢር ተገለጠ፦ የበይሉል መንገድ። ስለ እስልምና የተባለ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሰውየውን ልብ እናስብ። በረሃና ተራራ ያቋረጡት ለአንድ ተስፋ ነበር። ያ ተስፋ በአንድ ንግግር ቀረ። ንጉሡም ቢሆኑ የሚጠብቁት ስለ ወደብ የሚነጋገር ሰው ነበር፤ የመጣላቸው የሸሪዓ ዓሊም ሆነ። ሕዝቡ አንድ ጊዜ በሃይማኖት ለውጥ የቆሰለ ነውና፣ የሙስሊም ዓሊም ቤተ መንግሥት ገብቶ መውጣቱ ለንጉሡ ራሱ አደጋ ነበረው። ከሁለቱም ወገን የዋሸ አልነበረም። የጎንደሩ ንጉሥ እንደ ሐበሻ ንጉሥ ጻፉ፤ የየመኑ ኢማም እንደ ኢማም አነበቡ።

ቃዲ ሐሰን ከሄዱበት የበረሃ መንገድ ይልቅ በምጽዋ በኩል ተመልሰው በ1649 የመን ገቡ። የተላኩበት ባይሳካም ዝም ብለው አልተቀመጡም። የጉዞአቸውን ታሪክ ጻፉ፤ መጽሐፉ ሲረት አል-ሐበሻ በሚል ስም ይታወቃል። ታላቅነታቸው በዚህ ላይ ይታየናል። ኢማማቸው ሊሰሙት የሚፈልጉትን ዜና ፈጥረው ማቅረብ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። የንጉሡ ፍላጎት ወደብ መሆኑን እንዳለ አስቀመጡ። የሌላ እምነት ሰው የሠራውን ግንብ ሲያዩም ውበቱን አልሸሸጉም። ቃዲ ሐሰን በ1071 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

የበይሉል መንገድ የታሰበለትን ያህል አልሆነም። አፄ ፋሲል በ1667 አረፉ። ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 በጎንደር ጉባኤ ተደርጎ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ የጎንደር የእስላም ቤት ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ያመጣው የቃዲው ጉዞ ነው አንልም። ነገር ግን ሰዎች ተራርቀው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ቃል በግምት እንደሚተረጉም እናውቃለን፤ ግምትም ሲበዛ ግንብ ይሆናል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚህ አካባቢ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ገበያው፣ ዕድሩ፣ ሐዘኑና ሽምግልናው ግን የጋራ ነው። በሽምግልና ላይ ተቀምጠን የምናየው ነገር አለ። የደጋ ሽማግሌ ነገሩን በምሳሌ ጀምሮ፣ ዞሮ ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ ጫፉን ያሳያል። ከመስጊድ ትምህርት የመጣ ሰው ደግሞ ሐላሉን ሐላል፣ ሐራሙን ሐራም ብሎ ቀድሞ መናገር ይቀናዋል። አንዱ ሌላውን ድፍረት አለበት ይላል፤ ሌላው ደግሞ ይህ ሰው ይሸሽጋል ይላል። ሁለቱም የሚፈልጉት ግን እርቅ ነው። ዳባት አጠገብ ባለው የዓለምዋጭ መጠለያ ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች ይኖራሉ። እነሱም የራሳቸው አነጋገርና ማንን ሽማግሌ ብለው እንደሚሰሙ የራሳቸው ልማድ አላቸው። የነጃሺ አገር ልጆች ነን ብለን የምንኮራ ከሆነ፣ ነጃሺ ያደረገውን እናድርግ። የከሳሾቹን ቃል ብቻ ሰምቶ አልፈረደም፤ ተከሳሾቹን ጠርቶ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ ብሎ ጠይቆ፣ እስኪጨርሱ አዳመጠ።

ቁርኣን በሑጁራት ምዕራፍ የደረሰንን ወሬ እንድናጣራ ያዝዘናል። በዚያው ምዕራፍ ሕዝቦችና ጎሳዎች ሆነን የተፈጠርነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ይነግረናል። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ምዕራፍ መምጣታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ያልተዋወቀ ሰው ማጣራት አይችልም፤ የማያጣራም ሰው የሚተዋወቀው ከራሱ ግምት ጋር ነው። መሪ የሆነ ሰው፣ የቀበሌ ሊቀመንበርም ይሁን የመስጊድ ኢማም፣ ተስፋውን በሌላው አፍ ከማኖሩ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቅ። ጉዳይ ያለው ሰውም፣ አድማጩ የሌላ አገር ልማድ እንዳለው ካወቀ፣ ወርቁን ከሰሙ ውስጥ ቢያወጣው ውርደት አይደለም።

በዚህ በተባረከ ወር ከኢፍጣር በኋላ ጎረቤታችንን ስንጠይቅ፣ ያላየነውን መንገድ ተራራ ወጥተው ያዩልንን ቃዲ ሐሰንን በዱዓ እናስባቸው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ተነጋግረው ከሚግባቡትም ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።