የጎረቤቱን ቋንቋ የተማረው ሰባኪ፤ የሮጀር ዊልያምስ ሕይወት

በጎረቤቶች መካከል የሚነሣ ጠብ ብዙ ጊዜ ከድንበርና ከከብት እንደሚጀምር ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሰሜን አሜሪካ የኖረውን የሮጀር ዊልያምስን ታሪክ ባጭሩ እናቀርብላችኋለን፤ ዓመቶቹና ወሮቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዊልያምስ በ1603 ገደማ በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በካምብሪጅ ተምሮ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከሆነ በኋላ፥ በ1631 ከሚስቱ ከሜሪ ጋራ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ማሳቹሴትስ መጣ። በዚያም እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ደን እየመነጠሩ፥ በቆሎ እየዘሩ፥ ከብትና አሳማ እያረቡ ይኖሩ ነበር። እርሱ ግን ንጉሥ ከባለቤቶቹ ያልተገዛውን መሬት ለሌላ ሊሰጥ እንደማይችል፥ ሹምም በሰው ኅሊናና አምልኮ ላይ ሊፈርድ እንደማይገባው ያስተምር ጀመር። ሹማምንቱም ተቈጥተው በጥቅምት 1635 ከግዛታቸው እንዲወጣ ፈረዱበት።

በጥር 1636 ይዘው ወደ እንግሊዝ ሊሰዱት ሲሰናዱ፥ በበረዶ ውስጥ ሸሸ። በዚያ የብርድ ወራት ያስጠጉት የአገሩ ተወላጆች ዋምፓኖአጎች ነበሩ። ቋንቋቸውን አስቀድሞ መማር ጀምሮ ነበርና እንደ ባዕድ አልቈጠሩትም። በዚያው ዓመት ከናራጋንሴት አለቆች ከካኖኒከስና ከሚያንቶኖሚ መሬት በስምምነት ተቀብሎ መንደር መሠረተ፤ ስሙንም ፕሮቪደንስ፥ ማለት የእግዚአብሔር መግቦት፥ አለው። ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሁሉ በዚያ ማረፊያ አገኙ።

ጥቂት ቈይቶ ያባረሩት ሹማምንት ከፔኮት ነገድ ጋራ ጦርነት በፈሩ ጊዜ፥ ናራጋንሴቶችን እንዲያግባባላቸው ለመኑት። እርሱም ቂሙን ትቶ በታንኳ ሄደና አግባባ። ነገር ግን በ1637 እንግሊዞች የፔኮቶችን መንደር በእሳት አቃጥለው፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችን ፈጁ።

በ1643 ዊልያምስ የናራጋንሴትን ቋንቋ የሚያስረዳ መጽሐፍ በሎንዶን አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ፥ ባሕሩ በሸሸ ጊዜ የተወላጆቹ ሴቶች ለምግብ የሚለቅሙትን የዛጎል ሥጋ የእንግሊዞች አሳማ እየቈፈረ ይበላባቸው እንደ ነበረ መዘገበ። የበደሉ መነሻ ትንሽ ይመስል ነበር፤ ሰፋሪውና ከብቱ በበዛ ቍጥር ግን ማሳው ተረገጠ፥ መሬቱም ጠበበ።

በ1675 ታላቅ ጦርነት ተነሣ። በታኅሣሥ የአጎራባች ሰፈሮች ጭፍራ የናራጋንሴቶችን ምሽግ አቃጠለ፤ በመጋቢት 1676 ደግሞ ተወላጆቹ ፕሮቪደንስን አቃጠሉ፥ የሽማግሌውም ቤት አብሮ ነደደ። በነሐሴ የተማረኩት ተወላጆች ለዓመታት እንዲያገለግሉ ሲሸጡ፥ ሽያጩን እንዲመሩ ከተሾሙት ሰዎች አንዱ ራሱ ዊልያምስ ነበረ። በ1683 መጀመሪያ ሞተ።

ይህን የመጨረሻ ነገር ልንሰውረው አልወደድንም። በስደቱ ጊዜ ያስጠጉት ሕዝብ ልጆች ሲሸጡ፥ እጁ በሽያጩ ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ ወዳጆች ሆይ፥ የጎረቤታችንን ቋንቋ መማርና መሬቱን ማክበር መልካም ጅማሬ ነው፤ የፍቅር ፈተና ግን ቤታችን በነደደ ማግስት ይመጣል። በአጥርና በማሳ ላይ ያለውን ትንሹን በደል ዛሬ በእውነት እንዳኝ፤ እግዚአብሔርም በቍጣ ቀን የተደረገልንን ቸርነት ከመርሳት ይጠብቀን።