ኤድዊን አርምስትሮንግ፦ ንፁህ ድምፅ ፍለጋ ዕድሜውን የጨረሰው የእጅ ባለሙያ

ሬዲዮዎን ከፍተው 97.1 ወይም 102.1 ላይ ሲያደርጉት ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይመጣል። ደመና ቢያጉረመርም፣ መብረቅ ቢበርቅ እንደ መካከለኛና እንደ አጭር ሞገድ ጣቢያዎች ሿሿታና ፍንጥቅጣቂ ድምፅ አያስቸግርዎትም። ይህንን ጥራት ያገኘነው ከወጣትነቱ እስከ ሞቱ ድረስ በገዛ እጁ መፍታትና መግጠም፣ መበየድና መፈተሽ ከማይሰለቸው አንድ አሜሪካዊ ነው። ስሙ ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርምስትሮንግ በታኅሣሥ 1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በመጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ የነበረ ሲሆን እናቱ መምህርት ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ በያዘው ከባድ በሽታ ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት ቀርቶ በቤት ውስጥ ለመማር ተገደደ። በሽታው ቢለቀውም አንገቱንና ትከሻውን ሳይፈልግ የሚያርገፈግፈው ችግር ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። ብቸኝነትን የለመደው ልጅ ጓደኞቹ ሽቦና ባትሪ ሆኑ። አባቱ ከለንደን ያመጡለትን ስለ ፈጣሪዎች የሚተርክ መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ደግሞ እንደ ማርኮኒ የሬዲዮ ፈጣሪ ለመሆን ቆረጠ።

ቤተሰቡ ከኒውዮርክ በስተሰሜን ወደምትገኘው ዮንከርስ ተዛውሮ ነበር። በዚያ ቤት ከጣሪያው ሥር ያለችው ክፍል የአርምስትሮንግ መሥሪያ ቤት ሆነች። በ1910 ደግሞ በግቢው ውስጥ 38 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአንቴና ምሰሶ አቆመ። ራሱን በገመድ እያስጎተተ ወደ ላይ ወጥቶ ሲሠራ ጎረቤት አፉን ይዞ ያየው ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ አባቱ በሸለሙት ቀይ ሞተር ብስክሌት እየተመላለሰ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ።

በዚያን ዘመን የሬዲዮ አድማጭ ማዳመጫውን በጆሮው ላይ ጭኖ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ካልሆነ በስተቀር ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ መስማት አይችልም ነበር። ኦዲዮን የተባለው ቫልቭ በሊ ዴ ፎረስት ከተፈለሰፈ ዓመታት ቢቆጠሩም እንዴት እንደሚሠራ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። የ21 ዓመቱ ተማሪ ቫልቩን ደጋግሞ ለካው። ከዚያም በ1912 ከቫልቩ የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ወደ መግቢያው ቢያስገባውና ይህንኑ ቢደጋግመው ድምፁ በብዙ እጥፍ እንደሚጎላ ደረሰበት። ከአትላንቲክ ማዶ ከአየርላንድ የሚላከው ምልክት በዚያች ክፍል ውስጥ ጎልቶ ተሰማ። ወጣቱ ከደስታው ብዛት እህቱን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለማስመዝገብ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። አባቱ መጀመሪያ ትምህርቱን ይጨርስ ብለው ገንዘቡን ከለከሉት። ስለዚህ በጥር 1913 ንድፉን በወረቀት ስሎ በሕግ ፊት በማስፈረም ብቻ አቆየው። ማመልከቻውን ያስገባው ከወራት በኋላ ነው። ያቺ የዘገየች ገንዘብ ብዙ አስከፈለችው። ዴ ፎረስት ፈጠራው የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ለዓመታት ተጓቶ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዴ ፎረስት ፈረደ። አርምስትሮንግ ለዚሁ ፈጠራ የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ሸልሞት የነበረውን ሜዳልያ ሊመልስ ሄደ። ማኅበሩ ግን አልቀበልም አለ፤ በጉባዔው የነበሩት መሐንዲሶችም ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡለት። ፍርድ ቤት የነፈገውን የሙያ ጓደኞቹ ሰጡት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፓሪስ የአሜሪካ ጦር መኮንን ሆኖ ሲያገለግል ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ ዘዴ ፈለሰፈ። ዘዴው የመጣውን ሞገድ በመጀመሪያ ለማጉላት ወደሚመች አንድ ቋሚ ሞገድ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት የአብዛኞቹ ሬዲዮኖች መሠረት ይኸው ዘዴ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለኩባንያዎች በሸጣቸው ፈጠራዎች ሀብታም ሆነ፤ አርሲኤ ከተባለው ታላቅ የሬዲዮ ኩባንያም ብዙ አክሲዮን አገኘ። በ1923 የኩባንያውን መሪ የዴቪድ ሳርኖፍን ጸሐፊ ማሪየን ማክኢንስን አገባ። የሠርግ ስጦታው ራሱ የሠራው በእጅ የሚንጠለጠል ሬዲዮ ነበር።

ሀብታም ቢሆንም እጁን ከሥራ አላወጣም። ሁሉን ያስቸገረው ሿሿታ ለእሱም እረፍት ነሣው። የመብረቅና የሞተር ብልጭታ የሞገዱን ጉልበት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ የዘመኑ ሬዲዮ ደግሞ ድምፅን የሚሸከመው በዚሁ ጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ስለዚህ ጫጫታውን ከሙዚቃው መለየት አልተቻለም። የሞገዱን ጉልበት ሳይሆን ድግግሞሹን በመለዋወጥ ድምፅን መላክ ይቻላል የሚል ሐሳብ ቀድሞም ነበር። ነገር ግን ጆን ካርሰን የተባለ የታወቀ የሒሳብ ሰው በ1922 ጥቅም እንደሌለው በስሌት አሳይቶ ስለነበር ብዙዎች ተዉት።

አርምስትሮንግ ግን ስሌቱን አክብሮ ጆሮውን አመነ። ሌሎቹ ሞገዱን በጠባቡ ሊልኩት ሲታገሉ እሱ በጣም አሰፋው። በሰፊው ሲላክ ጫጫታው ጠፋ። በ1933 መጨረሻ ዛሬ ኤፍኤም ለምንለው ፈጠራ የባለቤትነት መብት አገኘ።

በኅዳር 1935 በኒውዮርክ ለተሰበሰቡ መሐንዲሶች ሥራውን አሳየ። ማሰራጫው የነበረው በዮንከርስ ሬዲዮ የትርፍ ጊዜ ሥራው በሆነ በአንድ ወዳጁ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ቤት ውኃ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ፣ ወረቀት ሲጨማደድና ሲቀደድ የነበረው ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ያለ ያህል ተሰማ። የውኃውን ድምፅ ከሿሿታ የሚለይ ሬዲዮ እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙዎች ሰምተው አያውቁም።

ይሁን እንጂ አርሲኤ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዙሮ ነበር። በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት ላይ ለሙከራ የተከለውን መሣሪያ እንዲያነሣ ጠየቀው። አርምስትሮንግም በገዛ ገንዘቡ በኒውጀርሲ አልፓይን በተባለ ቦታ 130 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ማማ ሠራ። በ1940 አርሲኤ 1 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ከፍሎ ለመጠቀም ቢጠይቀውም ሌሎቹ ኩባንያዎች በሽያጭ መጠን እየከፈሉት ለአንዱ አላዳላም ብሎ እምቢ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የአሜሪካ ጦር ፈጠራዎቹን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ።

በ1945 ሌላ ዱብ ዕዳ ወረደበት። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ኤፍኤምን ከነበረበት ከ50 ሜጋኸርዝ በታች አንሥቶ ዛሬ ወዳለበት ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ አዛወረው። በሕዝብ እጅ የነበሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መቀበያዎች በአንድ ውሳኔ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። በ1948 አርምስትሮንግ መብቴን ያለ ክፍያ ተጠቅሞበታል ሲል አርሲኤን ከሰሰ። የኩባንያው ጠበቆች ነገሩን ከዓመት ዓመት እያንከባለሉ ገንዘቡንና ጤናውን ጨረሱት።

በ1953 መጨረሻ ለእርጅና በተቀመጠ ገንዘብ ምክንያት ከማሪየን ጋር ተጣላ። በንዴት እጇን መታት፤ እሷም ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ከሁለት ወራት በኋላ በጥር መጨረሻ 1954 ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎላት ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። 63 ዓመቱ ነበር።

ማሪየን ክርክሩን ከወደቀበት አነሣችው። በዚያው ዓመት አርሲኤ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ታረቀ። ሌሎቹን ኩባንያዎችም አንድ በአንድ እየረታች በ1967 የመጨረሻውን ክስ አሸነፈች።

በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካ ሃይ-ፋይ የሚባለው የጠራ ድምፅ ፍቅር ተስፋፍቶ ነበር። ሄዝኪት የተባለው ድርጅት ያልተገጣጠሙ ዕቃዎችን ከነመመሪያቸው በካርቶን ይሸጥ ስለነበር የቢሮ ሠራተኛውም መምህሩም ማታ ማታ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየበየደ አምፕሊፋየርና የኤፍኤም መቀበያ ይሠራ ነበር። ሠርቶ ሲጨርስም ፈትቶ ሊያሻሽለው ይነሣል። ያ ሰው ባያውቀውም በዮንከርሱ ልጅ መንገድ እየሄደ ነበር።

የአልፓይኑ ማማ ዛሬም ቆሟል። በመስከረም 2001 የኒውዮርክ መንታ ሕንፃዎች ሲወድሙ አንቴናቸውን ያጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መጠጊያ ያደረጉት ይህንኑ ማማ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው የአርምስትሮንግም እውነት ጠርቷል። የሚያሳዝነው እሱ ራሱ ያንን ንጋት ለማየት አለመታደሉ ነው።